ከርነሉ ከታደሰ በኋላ የኤንቪዲያ ድራይቨር እምቢ አለ፤ የሠርግ ቪዲዮ ተይዞብኛል

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት፣ ማለትም ክሩን፣ የከፈቱት ጅማ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። ጊዜው ጥር 2016 ነው። ጥር ለቪዲዮ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በጽሑፋቸው ጥድፊያ አይገረምም። ሠርጉ ተደራርቧል፤ ሙሽሮቹ ይደውላሉ፤ ሚዜዎቹም ይደውላሉ። በዚህ መሀል መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ትልልቅ ሆኖ ቁጭ አለ። መጠኑ 1024 በ768 ላይ ቆሟል፤ ሌላ ምርጫም አይሰጥም። የቪዲዮ ማቀናበሪያውን፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭን፣ ሲከፍቱት ደግሞ ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርድ) አላገኘሁም ብሎ ይዘጋል።

ማሽኑ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። የግራፊክስ ካርዱ የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650፣ ሲስተሙ ኡቡንቱ 22.04 የተባለው ሊኑክስ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መብራቱ ካርዱን አቃጥሎት ይሆን? ለአዲስ ካርድ አዲስ አበባ ድረስ ሰው መላክ አለባቸው? ከጽሑፉ ግርጌ ግን አንድ ነገር ጣል አድርገዋል። ከጥምቀት በፊት አፕዴት ይደረግ የሚል መስኮት መጥቶ እሺ ብለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሬንደር (ቪዲዮውን አጠናቅቆ ማውጣት) ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍተውት አያውቁም። መልሱ ያለው እዚያ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መላሾች ግን እስከዚያ ድረስ አላነበቡም።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው። ወንድሜ ብሎ ጀምሮ ኬብሉን ነቅለው እንዲሰኩ፣ ካርዱንም አውጥተው አቧራውን እንዲያራግፉ ይመክራል። ጉዳት የለውም፤ ግን ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም። 2ኛው ፍርዱን ወዲያው ሰጠ፤ ካርዱ ተቃጥሏል። ማስረጃው የራሱ ቴሌቪዥን ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ድው ብሎ ቀረ ይላል። ቀጥሎም ስታቢላይዘር እንደሚሸጥ፣ ሱቁም ፈረንጅ አራዳ አካባቢ እንደሆነ ገለጸ። እንዲህ ዓይነቱ መልስ የማይገባበት የኮምፒውተር ውይይት አይቼ አላውቅም።

በ3ኛው መልስ ነገሩ መልክ ያዘ። ጸሐፊው ካርዱ ቢቃጠል ኖሮ በዚያው ካርድ መውጫ በኩል ምስል ባልመጣ ነበር አለ። የስክሪኑ መጠን ማነሱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) አለመጫኑን እንጂ የካርዱን መሞት አያሳይም። አፕዴት የተባለችውን ነገር ያነሳትም እሱ ነው። አዲስ ከርነል፣ ማለትም አዲስ የሲስተሙ እምብርት፣ ሲገባ ዲስክ ላይ ይቀመጣል እንጂ እየሠራ ያለውን ወዲያው አይተካም። ሥራ የሚጀምረው ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ነው። ስለዚህ መብራቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ባለቤቱ ለቀናት ያዘገዩትን ሪስታርት ማድረግ ብቻ ነው።

ማረጋገጫውንም አብሮ ሰጠ። ማሽኑ ሲነሳ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ፣ አዲስ ዓይነት ባዮስ ከሆነ ደግሞ ኢስኬፕን ደጋግሞ መንካት። ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ከርነል የሚመረጥበት የግረብ ሜኑ ሲመጣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብቶ የቀድሞውን ከርነል መምረጥ። በአሮጌው ከሠራ ካርዱ ደህና ነው፤ በሁለቱም እምቢ ካለ ያኔ ስለ መብራት ይወራል። ገንዘብ አያስወጣም፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ አስቀምጡ ብባል ይህንን አስቀምጥ ነበር።

4ኛው ጽሑፍ የባለቤቱ ነው። ሜኑው ውስጥ ሁለት ከርነል አገኙ፤ 6.5 እና 6.2። 6.2ን ሲመርጡ ስክሪኑ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሪዞልቭም ተከፈተ። ምስጋናቸው ረዥም ነው። መሀል ላይ ከቪኤችኤስ ዘመን ጀምሮ ጅማ ውስጥ ሠርግ ሲቀርጹ እንደኖሩ አነሱ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ የሚላቸው ጠፋ፤ ሁሉም ጋሼ፣ እርስዎ ማለት ጀመረ። የቀራቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ በቃ በ6.2 ይቀጥሉ?

5ኛው መላሽ አዎ አለ። የሚሠራ ነገር አይነካም፤ አፕዴት የሚባለውን ሁሉ ዝጉት። ከርነሉን ባለበት የሚያስቆመውን አፕት ማርክ ሆልድ የተባለ ትዕዛዝም ጻፈላቸው። 6ኛው ሰው በዚህ ተናደደ። ለሠርጉ ሳምንት ማቆም ያስኬዳል፤ ለዘለዓለም ማቆም ግን የጸጥታ ቀዳዳዎችን ከፍቶ መተው ነው አለ። በተጨማሪም ኡቡንቱ የሚያቆየው ጥቂት የቅርብ ከርነሎችን ብቻ ነው። ሌላ ከርነል መጥቶ አሮጌውን የሚያጸዳው አውቶሪሙቭ የተባለ ትዕዛዝ የተሰጠ ቀን 6.2 ሊጠፋባቸው ይችላል፤ ያኔ የሚመለሱበት አይኖርም። ትክክል ነው። ግን 5ኛውን ሰው ሰነፍ ብሎ መስደቡ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ሰውየው የመከረው ሥራ ለተደራረበባቸው ሰው ነው።

7ኛው መልስ ማብራሪያ ነው፤ ጥሩ ማብራሪያም ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ካርዶች ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ አብሮ ስላለ ከርነል ሲታደስ እሱም አብሮ ይታደሳል። የኤንቪዲያው ግን ከውጭ የሚመጣ ነው። ከርነሉ ውስጥ የሚገባው ክፍል ሞጁል ይባላል፤ የሚሠራውም ለአንድ የከርነል ስሪት ብቻ ነው። ሊብ ውስጥ ሞጁልስ የሚል ፎልደር አለ። ለእያንዳንዱ ከርነል በስሙ አንድ አንድ ፎልደር ይዟል። የእርሳቸው ማሽን ላይ የ6.2 ፎልደር ውስጥ የኤንቪዲያ ሞጁል አለ፤ የ6.5 ውስጥ የለም። ሰውየው ይህን ለማስረዳት ለአንዱ ተለክቶ የተሰፋ ሱሪ ሌላው ላይ አይሆንም የሚል ምሳሌ ሰጠ።

ምሳሌዋ ክሩን ይዛው ሄደች። 8ኛው ሰው በጅማ ለሠርግ ሱፍ ጎበዝ ልብስ ሰፊ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። 9ኛው ሕርማታ መርካቶ ብሎ መለሰለት። ስለ ጨርቅ ዋጋ ጥቂት ተባባሉ። እዘለዋለሁ።

10ኛዋ መላሽ ሴት ናት። የላብራቶሪ ኮምፒውተሮችን እንደምትንከባከብ ጽፋለች። ይህን አድርጉ፣ ያንን ጫኑ አላለችም፤ ጠየቀች። ድራይቨሩ መጀመሪያ የገባው ከኡቡንቱ ነው ወይስ ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ በወረደ ፋይል? ዲኬኤምኤስ (ሞጁሉን ለአዲስ ከርነል በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ስታተስ ሲባል ምን ይወጣል? በ6.5 ድራይቨሩን እንደገና ለመጫን ተሞክሯል ወይ? ከተሞከረ ሎጉ (የተከሰተው የሚጻፍበት መዝገብ) ምን ይላል? እስከዚያ ድረስ አሥር ሰው ሲናገር ሎግ ያለ አልነበረም።

የባለቤቱ ምላሽ 11ኛ ነው። ማሽኑን ፎርማት ያደረገላቸው ልጅ ድራይቨሩን ከድረ ገጹ አውርዶ ነው የጫነው። ዲኬኤምኤስ የሚባል ነገር ማሽኑ አያውቀውም። ፋይሉ ዳውንሎድ ውስጥ ስለነበረ በ6.5 ሆነው እንደገና ሊጭኑት ሞከሩ። መጀመሪያ ግራፊክሱ ስለተከፈተ አልጭንም አላቸው። ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ኤፍ3 ተጭነው ወደ ጥቁሩ የጽሑፍ ስክሪን ወጡና ግራፊክሱን አስቆሙ። ይህን ማን እንዳሳያቸው አልተናገሩም። ቀጥሎ ሌላ ስሕተት መጣ። ስክሪኑን በስልክ አንስተው ለጠፉት። ፎቶው ጠመም ያለ ነው፤ ብልጭታው ግማሹን ሸፍኖታል። ቢሆንም ሁለት መስመር ይነበባል። አንደኛው ከርነሉ የተሠራው ኮድን ወደ ፕሮግራም በሚቀይረው ኮምፓይለር በጂሲሲ 12 ነው፣ እዚህ ያለው ግን ጂሲሲ 11 ነው ይላል። ሁለተኛው ትሪቪያል አውቶ ቫር ኢኒት የሚባል አማራጭ ሲሰጠው ኮምፓይለሩ አላውቀውም ማለቱን ያሳያል።

ከዚህ በኋላ መልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። ግን 12ኛው ሰው ቀደመ። ሊኑክስ ለሥራ አይሆንም፤ ዊንዶውስ ያስገቡና ይገላገሉ አለ። እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። ጅማ ላይ ሆኖ ሊኑክስ ምን ያደርጋል የሚል ጨመረበት። ከጂረን እስከ አጋሮ ያለ ሰው ተነሳበት። 13ኛው ዊንዶውሱ በክራክ የገባ እንደሆነ ጠየቀው። 14ኛው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሁሉ ጠራ፤ ከድራይቨር ጋር ምን እንዳገናኘው እሱ ያውቃል። 15ኛው አወያዩ ነው፤ ሁለት መልስ ሰርዞ ስለ ከርነል ብቻ እንዲወራ አስጠነቀቀ።

12ኛው ሰው ስለ ዊንዶውስ ያነሳው ግን ጨርሶ ውሸት አይደለም። ዊንዶውስ ለድራይቨሮች የሚሰጠው መገናኛ ለረዥም ጊዜ ሳይቀየር ስለሚቆይ ተራ ዝማኔ ድራይቨር አይጥልም። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች የውስጡን መገናኛ ባሰኛቸው ጊዜ ለመቀየር ነፃ መሆንን አውቀው መርጠውታል። ከርነሉ ውስጥ ያለ ድራይቨር ሲቀየር አብሮ ይስተካከላል፤ ውጭ ያለው የራሱን መንገድ ይፈልግ ነው ነገሩ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የሚል ሰው ቢኖር ጥሩ ክርክር ይወጣው ነበር።

16ኛው መልስ የዚያችው ሴት ነው፤ ክሩ ከዚህ በላይ የሚፈልገው አልነበረም። ኡቡንቱ 22.04 ሲወጣ ይዞት የመጣው ኮምፓይለር ጂሲሲ 11 ነው። በጥር የደረሰው 6.5 ከርነል ግን የተሠራው በ12 ነው። ከውጭ የሚጨመር ሞጁልም ከርነሉ በተሠራበት አማራጭ መሠራት አለበት። ያቺን አማራጭ 12 ያውቃታል፤ 11 አያውቃትም። ካርዱ ደህና፣ ድራይቨሩ ደህና፣ ከርነሉም ደህና። የጎደለው መሥሪያው ነው።

ሁለት መንገድ አሳየቻቸው። የመጀመሪያው አጭር ነው። ጂሲሲ 12ን መጫን፣ ከዚያ የኤንቪዲያውን ፋይል በ12 እንዲሠራ ነግሮ እንደገና ማስኬድ። ዛሬ ይሠራል፤ የሚቀጥለው ከርነል ሲመጣ ግን ስክሪኑ ያው ይሆናል። ሁለተኛው ረዘም ይላል። ከድረ ገጹ የመጣውን በራሱ ማራገፊያ አራግፎ ድራይቨሩን ከኡቡንቱ መውሰድ። ያኔ 535 የተባለውን ድራይቨርና ከርነሉን ተከትሎ የሚመጣውን የሞጁል ፓኬጅ በአንድ ትዕዛዝ አብሮ መጫን ነው። የሞጁሉ ፓኬጅ ስሙ ውስጥ ኤችደብሊውኢ 22.04 የሚል አለበት። ይህ ሞጁል ኡቡንቱ ዘንድ ተሠርቶ፣ ተፈርሞበት ይመጣል። እቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ስለሌለ ኮምፓይለር አይጠይቅም። አዲስ ከርነል ሲመጣም ሞጁሉ አብሮት ይመጣል። ሁለቱን መደባለቅ ግን አይቻልም። የድረ ገጹ ሳይራገፍ የኡቡንቱው ላዩ ላይ ከተጫነ ፋይሎቹ ይጋጫሉ፤ ጣጣው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ባለቤቱ በ17ኛው ጽሑፍ ስንት ሜጋ እንደሚበላ ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ተብለው የሌሊቱን ጥቅል እንደሚጠብቁ ነገሩን። እስከዚያ በ6.2 ሆነው ሠርጉን ይቀጥላሉ። ማንም የተሻለ ምክር አልነበረውም።

እሳቸው ሌሊቱን ሲጠብቁ ክሩ ወዲያ ወዲህ አለ። 18ኛው የአጋሮ ልጅ ነው። እሱ የዲኬኤምኤሱን መንገድ መርጦ ነበር። ዲኬኤምኤስ አዲስ ከርነል በገባ ቁጥር ሞጁሉን እዚያው ማሽኑ ላይ በራሱ እንደገና የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ሄደር የሚባሉት የአዲሱ ከርነል ፋይሎችና ትክክለኛው ኮምፓይለር እስካሉ ድረስ። የእሱ ሞጁል በሰላም ተሠርቷል፤ ሲጫን ግን ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም የሚል ስሕተት ይመጣል። 19ኛው ሰው በታወቀ ቁልፍ ያልተፈረመ ሞጁል የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ አጥፋው አለው። 20ኛው አረመው፤ ማጥፋት አያስፈልግም። ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል ጠይቆ ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ሞክ (የማሽኑ ባለቤት ቁልፍ) የሚል ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። እዚያ ኢንሮል ሞክ ብሎ ያንኑ የይለፍ ቃል ማስገባት ነው። ችግሩ ስክሪኑ የሚጠብቀው አሥር ሰከንድ ብቻ መሆኑ ነው። ልጁ ያን ጊዜ ቡና ሊያፈላ ተነስቶ እንደነበረ አመነ። 20ኛው ሰው ለክሩ ባለቤት ደግሞ ይህ እንደማያሰጋቸው ጨመረ፤ የኡቡንቱው ሞጁል ተፈርሞ ስለሚመጣ ሰማያዊው ስክሪን አይደርስባቸውም።

ከ21 እስከ 23 ያለው ወሬ ነው፤ ግን አይሰለችም። አንዱ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ኤንቪዲያን በመሀል ጣቱ እንደሰደበ አነሳና ኩባንያው እስከ ዛሬ ኮዱን አንድ መስመር አላሳየም አለ። ሌላው ኮስተር ብሎ አረመው። ኤንቪዲያ የከርነል ሞጁሎቹን ኮድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022፣ ከ515 ድራይቨር ጋር ክፍት አድርጓል። የሚሠራውም ከቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ላሉ ካርዶች ነው፤ 1650 ከነዚያ ውስጥ ናት። ሦስተኛው ግን ክፍቱ ሞጁል ለቤት ካርዶች ገና በሙከራ ላይ ስለሆነ ሠርግ በያዘ ማሽን ላይ እንዳይሞከር አስጠነቀቀ። ጥር 2016 ላይ ልክ ነበር።

24ኛው ጠያቂ የፌርሚ ዘመን ካርድ ያለው ነው። ለእሱ የሚሆነው 390 ድራይቨር ነው፤ ኤንቪዲያ እሱን መደገፍ ያቆመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ ነው። ኑቮ በተባለው ክፍት ድራይቨር እንዲቀጥል ተነገረው። ፍጥነቱ አነስተኛ ቢሆንም ስክሪኑን በልኩ ያወጣል። ልጁ አዘነ፤ ሌላ የሚባል አልነበረም።

25ኛው ሰው ጋሼን ስለ ሥራቸው ጠየቀ። ነፃው ሪዞልቭ ሊኑክስ ላይ ኤች.264 የተባለውን የቪዲዮ ዓይነት አይከፍትም፤ ታዲያ የካሜራውን ፋይል እንዴት ነው የሚያስገቡት? በ26ኛው ጽሑፍ መለሱለት። ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለ መቀየሪያ ፕሮግራም ሪዞልቭ ወደሚከፍተው ዲኤንኤክስኤችአር ይቀይሩታል፤ ድምፁን ደግሞ ወደ ፒሲኤም። የሚያብጠው ፋይል ለብቻው ሃርድ ዲስክ ተገዝቶለታል። የሁለት ቀን ሠርግ ሲቀየር ምን ያህል እንደሚይዝ ሲናገሩ 27ኛው ሰው አላምንም አለ። እሳቸውም የሃርድ ዲስኩን ፎቶ ለጠፉ። ይህኛው ፎቶ ቀጥ ብሎ ነው የተነሳው።

28ኛው ጽሑፍ ውጤቱ ነው። ሌሊት ላይ መጀመሪያ የድረ ገጹን ድራይቨር አራገፉ። ከዚያ ሁለቱን ፓኬጆች አንድ ላይ አወረዱ። ሪስታርት አድርገው በአዲሱ ከርነል ገቡ። ዩኔም ብለው 6.5 መሆኑን አዩ። ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ ሲሉ ሠንጠረዡ ከካርዱ ስም ጋር ወጣ። ሪዞልቭ ተከፈተ። የጻፉት አጭር ነው፤ ሬንደር ላይ ነኝ ብለው ነው የጨረሱት።

2ኛው ሰው በ29ኛው መልስ ብቅ ብሎ ስታቢላይዘሩ አሁንም እንዳለ አስታወሰ። ማንም አልመለሰለትም።

መጨረሻ የገባው 30ኛው ሰው ክሩን ሳያነብ ነው የጻፈው። ላፕቶፑ ሚንት የተባለ ሊኑክስ ላይ ነው፣ ኢንቴልና ኤንቪዲያ ሁለቱም አሉት፣ እሱም አፕዴት አድርጎ ኤንቪዲያው ጠፍቶበታል፤ ያው ችግር ነው ይላል። ሴትየዋ አሁንም የጀመረችው በጥያቄ ነው። ስክሪንህ ልኩ ነው ወይ? አዎ፣ ልኩ ነው። የትኛው ካርድ እንደተመረጠ የሚያሳየውን ፕራይም ሴሌክት ኩዌሪ ብለህ የሚወጣውን ጻፍልኝ። የወጣው ኢንቴል የሚል ቃል ነው። አፕዴቱ ምንም አላደረገም፤ ባትሪ እንዲቆጥብለት ኤንቪዲያውን ያጠፋው ራሱ ነው። ኤንቪዲያውን ሲያስፈልግ ብቻ ወደሚያሠራው ኦን ዲማንድ እንዲቀይረውና ሪስታርት እንዲያደርግ ነገረችው። በ33ኛው መልስ ሠራ አለ፤ አወያዩም ክሩን ዘጋው።